ዳታው ሳያቋርጥ ሲጎርፍ ዳታቤዙ እንዳይንገዳገድ፦ ደረጃ በደረጃ

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ መጋዘን፣ ፋብሪካና የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር አስቡ። ሥራው ጂቡቲ መስመር ላይ ያሉ መኪኖች የሚልኩትን የጂፒኤስ መረጃ ሌት ተቀን መቀበል ነው። ይህ ዳታ እሑድ አያውቅም፣ በዓል አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። ወራት ሲያልፉ ግን ስምሪት ክፍሉ ካርታውን ሲከፍት ገጹ ዝም ብሎ ይዞራል። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀው መልስ ይመጣል፦ «ሲስተም የለም»።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ሰርቨር መግዛትን ነው። እኔ ግን ግዢውን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ማሽኑ ላይ አይደለም። ዳታው በሚገባበት፣ በሚቀመጥበትና በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ መካከለኛ ሰርቨር ብዙ ይሸከማል። ምሳሌዎቼ በፖስትግሬስ ናቸው፤ ነፃ ነው፣ በደንብም አውቀዋለሁ። ሐሳቡ ግን ለማይኤስኪውኤልም ሆነ ለሌላ ዳታቤዝ በብዛት ይሠራል።

1. መጀመሪያ በወረቀት አስሉት

ኪቦርድ ከመንካታችሁ በፊት ምን ያህል ዳታ እንደሚመጣ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። 600 መኪና አለ እንበል። እያንዳንዱ በየ10 ሰከንዱ አንድ መረጃ ይልካል። ይህ በሰከንድ 60 ረድፍ ነው። በቀን 5,184,000 ይሆናል። በ30 ቀን ከ155 ሚሊዮን በላይ። አንዱ ረድፍ በግርድፉ 100 ባይት ቢይዝ፣ ኢንዴክስን (ፍለጋ የሚያፈጥነውን ማውጫ) ሳይጨምር በወር 15 ጊጋባይት ገደማ ነው።

ይህ ስሌት ወዲያው የሚያጋልጠው ነገር አለ። ለቴብሉ መለያ ቁጥር ተራውን ባለ32 ቢት ኢንቲጀር ከሰጣችሁት፣ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። በዚህ ፍጥነት በ414 ቀን ያልቃል። ያን ቀን ዳታቤዙ አዲስ ረድፍ አልቀበልም ይላል። ቢግኢንት (ባለ64 ቢቱን ኢንቲጀር) መጠቀም አንድ መፍትሔ ነው። ከዚያ የተሻለው መለያ ቁጥሩን ጭራሽ መተው ነው፤ የመኪናው ቁጥርና ሰዓቱ አንድ ላይ ሆነው ረድፉን ለይተው ያሳያሉ።

2. የሚያመው የት እንደሆነ ለኩ

«ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው» የሚል ስሞታ ብቻውን አያሠራም። የስምሪት ኃላፊውን «ጋሼ፣ የትኛው ገጽ ነው የሚዘገየው? ሪፖርቱ ነው ካርታው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ሌላውን ግማሽ ዳታቤዙ ራሱ ይነግራችኋል።

ፒጂ-ስታት-ስቴትመንትስ የተባለውን ተጨማሪ ክፍል አስጀምሩ። የትኛው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ስንት ጊዜ እንደተጠራና በድምሩ ስንት ሰዓት እንደበላ ይመዘግባል። ስትመለከቱት በአማካይ ጊዜ ሳይሆን በድምር ጊዜ ደርድሩት። በቀን አንዴ የሚጠራ የ20 ሰከንድ ሪፖርት ዓይን ይስባል። ሰርቨሩን የሚያደክመው ግን በቀን ሚሊዮን ጊዜ የሚጠራ የ5 ሚሊሰከንድ ኩዌሪ ሊሆን ይችላል። ተጠርጣሪውን ስታገኙ ኩዌሪው እንዴት እንደተሠራ በሚያሳየው በኤክስፕሌይን አናላይዝ አስሩጡትና ስንት ረድፍ አንብቦ ስንቱን እንደጣለ ተመልከቱ። አንድ ሚሊዮን አንብቦ አሥር የሚመልስ ከሆነ ሥራ አለባችሁ።

3. አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅል አስገቡ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ዳታቤዝ ኮሚት (የገባውን አጽድቀህ መዝግብ) በተባለ ቁጥር መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። የሚዞር ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። መሸጎጫው በባትሪ ያልተደገፈ ከሆነ፣ በአንድ ኮኔክሽን በሰከንድ ከ120 ብዙም ያልበለጠ ኮሚት ነው የሚገኘው። እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ኮሚት ማድረግ ማለት ተሳቢውን አስነስቶ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ኩንታል እንደመጫን ነው።

በሰከንድ 60 ረድፍ ለ120 ቀላል ሊመስል ይችላል። ጉዱ የሚታየው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። የግቢው ኢንተርኔት 2 ሰዓት ተቋረጠ እንበል። ጥሩ የጂፒኤስ መሣሪያ መረጃውን በራሱ ሚሞሪ ይዞ ይቆያል። መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያራግፋል፦ 432,000 ረድፍ። አዲሱ ዳታ በሰከንድ 60 መምጣቱን ስለማያቆም፣ ውዝፉን ለማቃለል የሚተርፈው በሰከንድ 60 ብቻ ነው። ስለዚህ ውዝፉን ለመጨረስ ሌላ 2 ሰዓት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ካርታው የሚያሳየው ያለፈውን ነው። ይኸው 432,000 ረድፍ በ1,000፣ በ1,000 ቢጠቀለል 432 ኮሚት ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ተቀባዩ ፕሮግራም ረድፎችን ሚሞሪ ላይ ያጠራቅም። 1,000 ሲሞላ ወይም 1 ሰከንድ ሲያልፍ፣ የቀደመው ሲደርስ፣ በአንድ ትራንዛክሽን (በአንድ ኮሚት አብሮ በሚጸድቅ ሥራ) ያስገባ። ከብዙ ኢንሰርት ይልቅ ኮፒ የተባለውን ትእዛዝ ይጠቀም፤ በጣም ይፈጥናል። ኮፒ ግን ድግግሞሽን ዘልሎ ማለፍ አይችልም። መሣሪያዎች ደግሞ መልስ ሲዘገይባቸው አንዱን መረጃ ሁለቴ ይልካሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ቴብል በኮፒ አስገቡ። ከዚያ ወደ ዋናው ስታሻግሩት «ካለ እለፈው» የሚለውን ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ ጨምሩበት።

አንድ ነገር አደራ፦ ለመሣሪያው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ መሄድ ያለበት ከኮሚት በኋላ ነው። ቀድሞ ከሄደና መብራት ከጠፋ፣ መሣሪያው ልኬያለሁ ብሎ ያጠፋዋል፣ እናንተም የላችሁም።

በጥቅል ማስገባት ሌላም ጥቅም አለው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ትራንዛክሽን ቁጥር ይሰጣል። አንድ ቴብል ውስጥ ያሉት የቆዩ ቁጥሮች ዕድሜ 200 ሚሊዮን ትራንዛክሽን ሲደርስ ግዴታ የሆነ የጽዳት ሥራ ይጀምራል። ረድፍ በረድፍ ስታስገቡ በ39 ቀን ገደማ እዚያ ትደርሳላችሁ። በየሰከንዱ አንድ ጥቅል ከሆነ ግን በቀን የምትጠቀሙት 86,400 ቁጥር ነው፤ ከስድስት ዓመት በላይ ይወስዳል።

4. ፊት ለፊቱ ማቆያ አስቀምጡ

ተቀባዩ ፕሮግራምና ዳታቤዙ በቀጥታ አይተሳሰሩ። መሃል ላይ ወረፋ የሚይዝ ነገር ይኑር፦ ረዲስ፣ ራቢትኤምኪው፣ ዳታው በጣም ከበዛ ካፍካ። ለ600 መኪና ካፍካ ይበዛል ባይ ነኝ፤ እሱን መንከባከብ ራሱ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ዋናው ነገር ዳታቤዙ ለአፍታ ቢቆም ዳታው የሚቆምበት ቦታ ማግኘቱ ነው። ወረፋው ዲስክ ላይ እንዲጽፍ መስተካከሉን አረጋግጡ፤ ሚሞሪ ላይ ብቻ ያለ ወረፋ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። እዚህ ካረጋገጣችሁ «ደርሶኛል» የሚለውን መልስ ወረፋው ዲስክ ላይ ከጻፈ በኋላ መላክ ትችላላችሁ።

5. ቴብሉን በጊዜ ክፈሉት

አንድ ቢሊዮን ረድፍ ያለው አንድ ቴብል አትያዙ። ከ10ኛው ስሪት ጀምሮ ፖስትግሬስ ቴብልን በፓርቲሽን (በትንንሽ ክፍሎች) የመክፈል አሠራር አብሮት አለው። ክፍፍሉ በሰዓቱ ዓምድ ይሁን።

በቀን ነው በወር? የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዝርዝሩን ለጥቂት ወራት ብቻ የምታቆዩ ከሆነ በቀን ክፈሉት። አንዱ ፓርቲሽን ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በሥራ ላይ ያለው ክፍል ከነኢንዴክሱ ራም ላይ ይገባል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኛ አገር የዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ዳታቤዙ የሚያስበው በፈረንጅ ቀን ነው፤ አለቃው ግን «የመስከረምን ሪፖርት አምጣ» ነው የሚለው። በፈረንጅ ወር ከከፈላችሁት የመስከረም ሪፖርት ሁልጊዜ ሁለት ፓርቲሽን ይከፍታል። በቀን ስትከፍሉ ግን መስከረም ልክ 30 ፓርቲሽን ነው፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6። የግድ በወር ይሁን ካላችሁ ደግሞ ድንበሩን በእኛ ወር ላይ አድርጉት። ድንበሩ የትኛውም ቀን ሊሆን ይችላል፣ ዳታቤዙ አይከለክልም። ብቻ በፕሮግራም አስሉት፣ በግምት አይሁን። የ2018 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ የ2016ቱ ግን ጳጉሜ 6 ስለነበረች ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር።

ሰዓቱን ሁልጊዜ የሰዓት ቀጠና በሚያውቀው የዓምድ ዓይነት አስቀምጡ። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በጋና ክረምት አትቀይርም። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» የሚለው አነጋገር ስክሪኑ ላይ ብቻ ይታይ፣ ዳታቤዝ ውስጥ አይግባ።

አሮጌ ዳታ ሲወጣ ዲሊት አትበሉ። ዲሊት ረድፉን «ሞቷል» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ቦታውን ወዲያው አይለቅም፤ አምስት ሚሊዮን ረድፍ መሰረዝ ማለት አምስት ሚሊዮን ረድፍ እንደገና መንካት ነው። ፓርቲሽኑን ነቅሎ መጣል ግን በቅጽበት ያልቃል። ከመጣላችሁ በፊት ኮፒውን ርካሽ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከ14ኛው ስሪት ጀምሮ ሌላውን ሥራ ሳያግድ የሚነቅል ዲታች ኮንከረንትሊ የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ ግን «ቤት ላጣ ሁሉ» ተብሎ የሚከፈተው ዲፎልት ፓርቲሽን ካለ አይሠራም። ይህም ዲፎልት ፓርቲሽን እንዳትከፍቱ አንድ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የተሳሳተ ሰዓት ነው። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንት ሲቆጥር 1,024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጨረሻ ላይ የተመለሰው አፕሪል 2019 ነው። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያዎች ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ የሄደ ቀን ይልካሉ። ዲፎልት ፓርቲሽን ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይውጣል። ይልቅ ተቀባዩ ፕሮግራም ቀኑን ይፈትሽ፤ ከ30 ቀን የቆየ ወይም ከአሁኑ ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ወደፊት የሄደ ከሆነ ወደ ሌላ የማቆያ ቴብል ይላከው። የመጪዎቹን ቀናት ፓርቲሽኖችም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ክፈቱ። ፒጂ-ፓርትማን የተባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ለፕሮግራመሮች። ኩዌሪው ውስጥ የሰዓቱን ዓምድ በፈንክሽን አትጠቅልሉት። «የዚህ ረድፍ ቀን እኩል ይሆናል ከዚህ» ከምትሉ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ፣ ከዚያ ሰዓት በፊት» በሉ። በመጀመሪያው ዳታቤዙ ሁሉንም ፓርቲሽን ይከፍታል፤ በሁለተኛው የሚያስፈልገውን ብቻ።

6. ኢንዴክስ ቀንሱ

ኢንዴክስ ማንበብን ያፈጥናል፣ መጻፍን ያዘገያል። አንድ ረድፍ ሲገባ አምስት ኢንዴክስ ካለ አምስቱም ይጻፋሉ። ለዚህ ዓይነት ዳታ በመኪና ቁጥርና በሰዓት ላይ የተሠራ አንድ ዩኒክ ኢንዴክስ ድግግሞሽን ይከለክላል፤ «ይህ መኪና ትናንት የት ነበር» ለሚለውም ይመልሳል። ሁለት ሥራ በአንድ ዋጋ ማለት ነው።

በሰዓት ብቻ መፈለግ ካስፈለገ ብሪን የተባለውን ዓይነት ሞክሩ። እያንዳንዱን ረድፍ አይመዘግብም፤ ለ128 ገጽ (ገጽ ዳታቤዙ ዲስክ ላይ የሚጽፍበት የ8 ኪሎባይት ቁራጭ ነው) አንድ ጊዜ ትንሹንና ትልቁን ሰዓት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከመደበኛው ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ኢምንት ነው። ድክመቱ የዘገየ ዳታ ነው። አፋር ውስጥ ኔትወርክ አጥቶ የቆየ መኪና ሚሌ ሲደርስ የጠዋቱን መረጃ ማታ ካራገፈ፣ የገጾቹ የሰዓት ክልል ይለጠጥና የብሪን ምርጫ ይደበዝዛል። በ14ኛው ስሪት የመጣው ሚንማክስ-መልቲ የተባለው አማራጭ ይህን በደንብ ያቀልላል።

ነባር ሲስተም ከሆነ የኢንዴክሶቹን የአጠቃቀም ቆጠራ ተመልከቱ። ለወራት አንዴም ያልተነካውን አስወግዱ። የወር መጨረሻ ሪፖርት ብቻ የሚጠቀምበት ሊኖር ስለሚችል አንድ ሙሉ ወር ሳያልፍ አትፍረዱ።

7. «አሁን የት ነው?» የራሱ ቴብል ይኑረው

የስምሪት ካርታ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ በመቶ ሚሊዮኖች ውስጥ መፈለግ ግፍ ነው። 600 ረድፍ ብቻ ያለው ትንሽ ቴብል ሥሩ፤ ለአንድ መኪና አንድ ረድፍ። ጥቅሉ በገባ ቁጥር እሱም ይታደስ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛ፣ የሚመጣው ሰዓት ካለው የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ይታደስ፤ አለዚያ የዘገየ ዳታ መኪናውን ካርታ ላይ ወደኋላ ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጥቅል ውስጥ የአንድ መኪና ሁለት ረድፍ ካለ ዳታቤዙ «አንድን ረድፍ ሁለቴ መንካት አልችልም» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከጥቅሉ ለእያንዳንዱ መኪና የቅርቡን ብቻ ምረጡ።

ይህ ቴብል በጣም ስለሚታደስ ገጾቹ ላይ ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ገጹ ስንት በመቶ እንዲሞላ የሚወስነውን ፊልፋክተር ወደ 70 አውርዱ። ከመኪና ቁጥሩ በቀር ሌላ ኢንዴክስ አታድርጉበት። ያኔ እድሳቱ ኢንዴክሱን ሳይነካ እዚያው ገጽ ላይ ያልቃል።

ለሪፖርትም እንደዚሁ። በሰዓት የተጠቃለለ ቴብል አዘጋጁ፦ ስንት ኪሎሜትር ሄደ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ። የወር ሪፖርቱ እሱን ብቻ ያንብብ።

8. ጥቂት ሴቲንጎች

ፖስትግሬስ እንደመጣ ሲተከል ለትንሽ ማሽን የተለካ ነው። ሼርድ-በፈርስ (ዳታ ለመሸጎጥ የሚይዘው ራም) 128 ሜጋባይት ነው፤ ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ሰርቨር ላይ የራሙን ሩብ ስጡት። ማክስ-ዋል-ሳይዝ (ለውጦች ቀድመው የሚጻፉበት ሎግ የመጠን ጣሪያ) 1 ጊጋባይት ነው፤ ዳታ ለሚጎርፍበት ያንሳል። ሲያንስ ቼክፖይንት (ራም ላይ ያለውን ለውጥ ወደ ዋናው ፋይል የማውረድ ሥራ) ይደጋገማል። ከእያንዳንዱ ቼክፖይንት በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የተነካ ገጽ ሁሉ ሙሉ 8 ኪሎባይቱ ሎግ ላይ ይጻፋል። በዳታቤዙ የመልእክት መዝገብ ውስጥ ቼክፖይንት በዛ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ከፍ አድርጉት፣ በየ5 ደቂቃው የነበረውንም ወደ 15 ወይም 30 አራዝሙት። ዋጋው ከብልሽት በኋላ መነሳቱ ትንሽ መርዘሙ ነው።

ኮኔክሽን አታብዙ። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው። ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙ ተጠቃሚ የሚያጋራውን ፒጂ-ባውንሰር መሃል አስገቡ። ትራንዛክሽን ከፍቶ ምሳ የሚሄድ ሰው የሞቱ ረድፎችን ጽዳት ያግዳልና፣ ሥራ ፈት ትራንዛክሽን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋ የጊዜ ገደብ አድርጉ።

9. መብራትን አስባችሁ ወስኑ

ዳር አገር ያለ ሰርቨር መብራት እንደሚጠፋበት ታውቆ ነው የሚዘጋጀው። ኢንተርኔት ላይ «ፍጥነት ከፈለጋችሁ ኤፍሲንክን አጥፉ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ኤፍሲንክ የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ የሚያስጠብቀው ሴቲንግ ነው። በፍጹም አታጥፉት። ኤፍሲንክ ጠፍቶ መብራት ከሄደ ዳታቤዙ እስከማይከፈት ሊበላሽ ይችላል።

ሲንክሮነስ-ኮሚትን (ኮሚት ዲስኩን ጠብቆ እንዲመልስ የሚያደርገውን) ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲጠፋ በብልሽት ጊዜ የምታጡት የመጨረሻውን ከ1 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ አይበላሽም። ለአንድ ትራንዛክሽን ብቻ ማጥፋትም ይቻላል። ለመኪና ቦታ እቀበለዋለሁ። ለነዳጅ ክፍያ፣ ለደረሰኝ፣ ለማንኛውም ገንዘብ አልቀበልም። በጥቅል የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ዲስክ ስትገዙ መብራት ሲጠፋ በራሱ ካፓሲተር ሥራውን የሚጨርስ፣ ለሰርቨር የተሠራ ኤስኤስዲ ምረጡ። አንዳንድ ርካሽ ዲስክ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ይላል። ፒጂ-ቴስት-ኤፍሲንክ የተባለው መሣሪያ ይህን ለመጠርጠር ይረዳል፤ ካፓሲተር የሌለው ተራ ዲስክ በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እንደጻፈ ካሳየ አትመኑት። ዩፒኤስ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ብቻ ሳይሆን፣ ካልተነሳም ዳታቤዙ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚበቃ ይሁን። ከሰርቨሩም ጋር በኬብል ይገናኝ፤ ባትሪው ሲያልቅ የመዝጊያ ትእዛዙን የሚሰጠው እሱ ነው።

10. ከመክፈታችሁ በፊት አስጨንቁት

የትናንቱን ዳታ በሙከራ ማሽን ላይ በአምስት እጥፍ ፍጥነት መልሳችሁ አስገቡ። በዚያው ሰዓት ካርታውና ሪፖርቱ ይከፈቱ። ቀጥሎ የ2 ሰዓቱን መቋረጥ አስመስሉ፤ 432,000ውን በአንድ ጊዜ ልቀቁትና ካርታው ወደ አሁን ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደወሰደበት መዝግቡ።

በመጨረሻ፣ ዳታው እየገባ ሳለ የሙከራ ማሽኑን የመብራት ገመድ ንቀሉት። ሲነሳ «ደርሶኛል» የተባለላቸውን ረድፎች ዳታቤዝ ውስጥ ካሉት ጋር አመሳክሩ። አንድ እንኳ ከጎደለ ወደ 3ኛውና ወደ 9ኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ወይ መልሱ ከኮሚት ቀድሟል፣ ወይ ዲስኩ ይዋሻል።